የአትጠገብ ባዶ ቋጠሮ

የአገሬን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ እገሌን ነው፣ እገሊትን ነው እያላችሁ ወሬዬን ታበላሹብኛላችሁ። የሆነውን ግን አንድም ሳላስቀር እነግራችኋለሁ፤ ወሬ ማስቀረት ከድሮም አልችልበትም።

በእኛ አገር ከባድ ሥራ የሚሠሩት ታዛዦች ናቸው። ታዛዥ ማለት ከብረት የተሠራ፣ ሆዱ ውስጥ ጥርስ ጥርስ ያለው ነገር የሚሽከረከርበት፣ ጆሮ የሌለው ፍጡር ነው። ጆሮ ስለሌለው ብትጮሁበትም፣ ብትለማመጡትም አይሰማችሁም። አፍ ግን አለው። የተቋጠረ ገመድ ታጎርሱታላችሁ፣ ቋጠሮውን አንድ በአንድ እየዳበሰ ይውጣል፣ በጀርባው ያወጣል፣ የተቋጠረውን ያደርጋል። አይጨምርም፣ አይቀንስም። አንድ ጊዜ ለወፍጮው ታዛዥ «ፍጭ» የሚለውን ቋጥረው «አቁም» የሚለውን ረሱ። እህሉ ሲያልቅበት ድንጋዩን ፈጨ፣ ድንጋዩ ሲያልቅበት የገዛ እግሩን ፈጨ። ዱቄቱን እስከ ዛሬ የብረት ሽሮ እያልን እንስቅበታለን።

ገመዱን የሚቋጥሩ ሰዎች ቋጣሪ ይባላሉ፤ የተከበሩ ናቸው። አቋጣጠራቸውን ደግሞ እጅ እንለዋለን። የዳገት ሰፈር ሰዎች የራሳቸው እጅ አላቸው። አንድ ባልዲ ከማስነሳታቸው በፊት ባልዲ መሆኑን ይቋጥራሉ፣ የእንጨት መሆኑን ይቋጥራሉ፣ ባልዲ ያልሆነ ነገር ቢመጣ እንዳይነሳ ይቋጥራሉ። ለአንድ ባልዲ ውሃ ሃያ ክንድ ገመድ ይሄዳል። «ምን ዓይነት ግልጽ ነገር ነው!» ይላሉ። የሜዳ ሰፈር ሰዎች ያንኑ ባልዲ በአንድ ስንዝር ይጨርሱታል። ከሁለት ወር በኋላ ያችን ስንዝር ለራሱ ለቋጣሪው ብታሳዩት ሕፃን እንዳስታቀፉት ወንድ ያገላብጣታል። እነሱም «ግልጽ ነው» ነው የሚሉት። ሦስተኛው የጅራት እጅ ነው። እሱ የሚነበበው ከጅራቱ ነው፤ ኋላ የሚሠራው ፊት ይቋጠራል። ሰፈር የለውም። አሮጊቶች ያውቁት ነበር፣ አሮጊቶቹም አለቁ።

ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላው ወደ ቋጣሪ ቤት ይወሰዳል። ቋጣሪው የመጀመሪያውን ገመድ ቀኝ አውራ ጣቱ ላይ ያስርለታል። ልጁ ሰባት ቀን ከነገመዱ ይበላል፣ ከነገመዱ ይተኛል፣ ከነገመዱ ይደባደባል። ሲፈታለት የዚያ እጅ ሰው ሆነ። አድጎ ስትጠይቁት ግን ስለዚያች ገመድ ትንፍሽ አይልም። «ሁሉንም መዝኜ ነው የመረጥኩት» ነው የሚላችሁ። እኔ ደግሞ ሰው መጠየቅ እወዳለሁ፤ በገበያም በለቅሶም ስንቱን ጠይቄአለሁ። ሁሉም መዝነዋል። መዝኖ የጎረቤቱን የመረጠ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

በዚህ የፈረሰ ትዳርም አውቃለሁ። የሸማኔዋ ልጅ ከሜዳ ሰፈር አግብታ በሦስተኛው ወር ጓዟን ይዛ ተመለሰች። «ምነው፣ መታሽ እንዴ?» አልኳት።

«መምታትማ ቢመታኝ ለሽማግሌ ይነገራል» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። «የበሩን ታዛዥ ገመድ በግማሽ ስንዝር ቋጠረው፣ እማማ። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር እንዴት ልጅ ይወለዳል?»

ያኔ እውነቷን ነው አልኩ። ያኔ የዳገት ሰፈር ሰው ነበርኩ።

የዳገት ሰፈር ሰው የሆንኩት በትዳር ነው። በሰባት ዓመቴ አውራ ጣቴ ላይ የታሰረው የጅራት እጅ ነበር፤ ይህን ለብዙ ሰው አልናገርም። የታሰረልን ለእኔና ለአትጠገብ በአንድ ቀን፣ አንድ መምህርት ቤት ነው። አንድ ላይ ዘጠኝ ክረምት ተማርን። መምህርታችን ስታረጅ ለከተማው ውሃ የሚያወጣውን የጉድጓድ ታዛዥ ገመድ ለአትጠገብ አወረሰቻት። ለእኔ አይደለም። ለአትጠገብ። እኔም ዳገት ሰፈር አገባሁና የባሌ ዘመዶች በጅራት እጅ ሲስቁ አብሬ ሳቅሁ፤ ስቄም አልቀረሁ፣ የሚሳቅበትን አቀብላቸው ጀመር። አትጠገብ ከብረት ጋር ታወራለች አልኩ። ባሏ የሄደው በገመዷ ሽታ ነው አልኩ። ገመዱ ረዥም እንዲመስልላት ባዶ ቋጠሮ ትጨምርበታለች አልኩ። ይህችኛዋ ወሬ በጣም ተወደደች፤ ከሦስት ገበያ በኋላ ዞራ እኔው ዘንድ እንደ አዲስ ተነገረችኝ።

አትጠገብ አርባ ዓመት ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠች። ከተማው አርባ ዓመት ንጹሕ ውሃ ጠጣ። መንገድ ላይ ስታገኘኝ ጎንበስ ብላ «እንደምን አደርሽ፣ አንጓች» ትለኛለች። ሌላ ምንም አትለኝም። እንዴት እንደሚያናድድ! ከሦስት ዓመት በፊት ሞተች። ቀብሯ ላይ ከዘመዶቿ በላይ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ አየኝ።

ከዚያ አዲስ የገመድ አለቃ መጣልን። የዳገት ሰፈር ሰው ነው፣ ረጋ ያለ፣ ሲናገር ጣቶቹን የሚያጋጥም። «አንድ አገር በሦስት እጅ አይታዘዝም» አለ። «የትኛው እንደሚሻል ያለ አድልዎ ይመዘን።»

ሰባት ዳኞች ተመረጡ፤ ሦስት ከዳገት፣ ሦስት ከሜዳ፣ ሰባተኛው ራሱ አለቃው። አድልዎ እንዳይኖር ዓይናቸው በጨርቅ ታሰረ። ሦስቱን እጅ በየተራ ዳበሱ። ሦስቱ ዳኞች የዳገትን ገመድ ሲነኩ እንባ መጣባቸው። ሌሎቹ ሦስቱ የሜዳን ሲነኩ ፈገግ አሉ፣ አንዱማ ሳመው። የጅራትን እጅ ሁሉም እጃቸው ላይ ትል እንደወጣ አራገፉት። አለቃው ዓይኑን እንደታሰረ ብዙ አሰበና የዳገቱ ይሻላል አለ፤ ግን አራት ለሦስት ለአገር አይበቃም፣ የታሰሩበት እጅ የሌላቸው ሰዎች ይፈለጉ ተባለ።

ተፈለገ። የአናጢው መንታ ልጆች ተገኙ። በሰባት ዓመታቸው ታመው ስለነበር አውራ ጣታቸው ሳይታሰር ጎልምሰዋል፤ ሪዛም ሰዎች ናቸው። ታላቁ መጀመሪያ የዳገትን፣ ቀጥሎ የሜዳን እንዲማር ተደረገ። ታናሹ መጀመሪያ የሜዳን፣ ቀጥሎ የዳገትን። በሁለት ወሩ አደባባይ አቆሟቸው። ታላቁ «የዳገት እጅ የሰው እጅ ነው፣ የሜዳው የዝንጀሮ ነው» አለ። ታናሹ ጥፊ አነሳበት። ከአንድ ማሕፀን የወጡ፣ አርባ ዓመት ከአንድ ትሪ የበሉ ሰዎች ናቸው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ አንዱ በገባበት ሌላው አይገባም። እናታቸው እኔ ቤት መጥታ ቀኑን ሙሉ አለቀሰች። አለቃው ውጤቱን አስጻፈ፦ ከመንታዎቹ አንደኛው አስተዋይ ሆኖ ተገኝቷል።

በዚህ መሠረት የጉድጓዱ ገመድ ወደ ዳገት እጅ እንዲዞር ታዘዘ። ሥራው የተሰጠው ለትርንጎ ነው።

ትርንጎ የልጄ ሚስት ናት። ልጄ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። እናቷ ቤት ልትሄድ ትችል ነበር፣ አልሄደችም፤ «እማማ ብቻቸውን ከማን ጋር ያማሉ?» አለችና ቀረች። በዳገት እጅ እንደሷ የሚቋጥር የለም። ከመቋጠር ሌላ የምትወደው ነገርም አላየሁባትም፤ ባሏ የሞተ ሰሞን እንኳ እህል እንቢ ብላ ገመድ ስንሰጣት ነው ነፍስ የዘራችው። ሕጉን ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። የከተማው ጉድጓድ ገመድ በገባ በአርባ ቀን ውስጥ ከተበላሸ፣ ያበላሸው አውራ ጣት በጠፍር ይታሰራል። ጠፍሩ እርጥብ ሆኖ ይጠመጠማል፣ ሲደርቅ ይጨመድዳል፣ እስከ ሞት አይፈታም። የታሰረ አውራ ጣት ደግሞ አይቋጥርም። ይህን እያወቀች ነው እሺ ያለችው።

የአትጠገብን ገመድ ከታዛዡ አጠገብ ተቀምጣ አንድ ወር አጠናችው። ቋጠሮው ሲገባ ታዛዡ ምን እንደሚያደርግ እያየች፣ ያየችውን በራሷ እጅ ትቋጥራለች። አንድ ቀን ገመዱን ጠቅልላ ይዛው ቤት መጣች፤ ጎረቤታችን ወንድይፍራውም ተከትሏት ገባ። ወንድይፍራው የሜዳ ሰፈር ቋጣሪ ነው። እሷና እሱ በአጥር ላይ ሆነው ሲሰዳደቡ ነው የሚውሉት፤ ሲተጣጡ ይናፈቃሉ።

«እማማ፣ ይሄን የቋጠረው ሰው ነው ድመት?» አለችኝ።

«አትጠገብ ናት።»

«ስልሳ ባልዲ ያወጣና እዚህች ቋጠሮ ላይ ሲደርስ ይቀመጣል። ምንም አያደርግም። የሚጠብቀው ሰው የለ፣ የሚቆጥረው የለ፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ጥላው ሲዞር ደግሞ ይነሳል።»

«ስንፍናዋን ብረቱንም አስተማረችው ማለት ነው» አለ ወንድይፍራው።

«ዛሬ ገና ልብ ያለው ነገር ተናገርክ» አለችው።

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ነው የምናገረው፣ አንቺ ሃያ ክንድ ካልሆነ አይገባሽም።»

ሁለቱ ሲስማሙ ያየሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። ትርንጎ ግን ቶሎ አትረካም። ገመዱን ዘረጋችልኝ። «ደግሞ ወደ ግራ የተጠመዘዙ ቋጠሮዎች አሉበት፤ ታዛዡ ሳይውጥ ይተፋቸዋል። እርስዎ በልጅነትዎ ይሄን እጅ ተምረው የለ? እስቲ አንዴ ይዳብሱልኝ። ምን ይላል?»

እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ።

«ምንም አይልም» አልኳት። «ባዶ ቋጠሮ ነው። አርባ ዓመት ስናገር ጆሮሽን የት ጥለሽው ነበር?»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ትርንጎ ቆረጠችው፣ በአዲሱም ገመድ ሳትቋጥረው ቀረች። የቆረጠችውን የአሮጌውን ገመድ ቁራጭ ለጥጃችን ማሰሪያ አደረግሁት፤ እኔው ነኝ ያሰርኩት።

አዲሱ ገመድ የገባ ለት የነበረውን ደስታ አትጠይቁኝ። ታዛዡ አይቀመጥም፣ አያርፍም፤ ባልዲ በባልዲ ላይ። ሰው ለመጠጣት ከሚበቃው አልፎ ግድግዳውን አጠበ። አህያውን አጠበ። የገመድ አለቃው ደጃፍ ላይ ቄጤማ ሳይሆን ውሃ ተጎዘጎዘ፤ ሰዉ በጭቃ እየተንሸራተተ እንኳን ደስ ያለዎት ይላል። ለትርንጎ እልል ተባለላት። እኔም ከሁሉ በላይ እልል አልኩ፤ አትጠገብ በመቃብሯ ትሰማኝ ብዬ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ውሃው ደፈረሰ። ሰዉ ዝናብ ነው አለ፤ ዝናብ አልነበረም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አሸዋ ይዞ መጣ። በአሥራ አራተኛው ቀን ከጉድጓዱ ሆድ ድምፅ ተሰማ፣ እንደ ከብት ግሳት ያለ፣ አንድ ጎኑ ተደረመሰ፣ ባልዲው ደረቅ ጭቃ ይዞ ወጣ። ታዛዡ ግን አላቆመም። ተቋጥሮለታል። ጭቃውንም በሥርዓት፣ ባልዲ በባልዲ አወጣው።

ከዚያ የሆነውን ረጋ ብዬ ነው የምነግራችሁ። ሕፃናት ምላሳቸው ነጣ። ላሞች ጉድጓዱን ከበው ለቅሶ የደረሰ ዕድርተኛ ይመስል ቆሙ። ወንዝ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ አቅም ያለው እንስራ አዝሎ ሄደ፣ አቅም የሌለው የሄደውን ጠበቀ። የሜዳ ሰፈር ሰዎች «የዳገት እጅ ነው ያደረቀን፣ በእኛ እጅ ቢሆን ይሄ አይመጣም» አሉ። የዳገት ሰፈር ሰዎች «የዳገት እጅ አይሳሳትም፣ የተሳሳተው የቋጠረው ጣት ነው» አሉ። አለቃው ጣቶቹን አጋጥሞ ሁለተኛውን አጸደቀ። የትርንጎ አውራ ጣቶች ዓርብ ጠዋት ጉድጓዱ አፍ ላይ እንዲታሰሩ ተወሰነ። ለጠፍሩ መንከሪያም በከተማው የቀረችው የመጨረሻዋ አንድ ማድጋ ውሃ ተወሰደች።

ትርንጎ አላለቀሰችም። ደጃፍ ተቀምጣ ጣቶቿን ታያለች። «እማማ» አለችኝ፣ «አንድም ቋጠሮ አልሳትኩም። ሦስት ጊዜ ቆጥሬአለሁ። ምን ነካኝ?»

መልስ አልነበረኝም ብል ደስ ባለኝ።

ሐሙስ ቀትር ላይ ወደ ጥጃው ሄድኩ። ገመዱን ፈታሁ፤ ጥጃው የትም አልሄደም፣ በጥማት ደክሟል። በረቱ ጥላ ሥር ተቀመጥኩና ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ጅራቱን ያዝኩ። ሃምሳ ዓመት የጅራት እጅ አልነካሁም። እረሳዋለሁ ብዬ ነበር፤ እንዲያውም ረስቼው ቢሆን እመርጥ ነበር። አውራ ጣቴ ግን የገዛ ቤቱን በር እንዳገኘ ሰው ሰተት ብሎ ገባ። ያ አስቀያሚ የምለው ገመድ እንዴት ልንገራችሁ፣ እያንዳንዱ ቋጠሮ ቀጣዩን እጁን ይዞ ያመጣዋል። ባዶው ቋጠሮ ዘንድ ደረስኩ። ባዶ አልነበረም። «ተቀመጥ» ነው የሚለው፤ «የጉድጓዱ አፍ ጥላ አንድ ጋት እስኪሄድ ተቀመጥ።» ከእሱ ቀጥሎ ወደ ግራ የተጠመዘዙት መጡ።

የግራ ቋጠሮ ምን እንደሆነ ትርንጎ ስትጠይቀኝ አውቅ ነበር። የግራ ቋጠሮ ለብረት አይደለም፤ ለሰው ነው። ብረቱ እንዲተፋው፣ ሰው እንዲያነበው ነው የሚቋጠረው። ከተማው ውስጥ ከአትጠገብ ሌላ ያን ማንበብ የሚችል ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር። እሷም ይህን ታውቅ ነበር። እንዲህ ነው የሚለው፦

«ውሃው በጎን ነው የሚገባው፣ ሥሩ ዝግተኛ ነው። ስልሳ ካወጣ ይረፍ። አንድ ዓመት ቸኩዬ ይህን ፈታሁት፣ አሸዋ መጣ። ከኋላዬ የምትመጪ፣ አትፍቺው። አንጓች ከሆንሽ ደግሞ መሳቁን ሳቂ፣ ግን አትፍቺው።»

በረቱ ጥላ ሥር ብዙ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ማንም አላየኝም።

ዓርብ ጠዋት ከተማው ሁሉ ጉድጓዱ ዙሪያ ቆመ። ትርንጎ እጇን ዘርግታ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ጠፍሩ ከማድጋው ወጣ። ሊጠመጠም ሲል አንዱ የሜዳ ሰፈር ዳኛ «በየትኛው እጅ ነው የሚቋጠረው?» ብሎ ጠየቀ። ግማሽ ስንዝር ይበቃል አሉ የሜዳዎቹ። የዳገት ዳኞች ደግሞ መጀመሪያ ጣት መሆኑ፣ ቀጥሎ አውራ ጣት መሆኑ ሳይቋጠር ሌላ ነገር ቢታሰርስ አሉ። ጠዋቱን ሙሉ ተከራከሩ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የዳገቱ አሸነፈ። ጠፍሩን ሲያነሱት ደርቆ እንደ ጣውላ ሆኗል። እንደገና መነከር አለበት። የማድጋዋን ውሃ ደግሞ ሲከራከሩ ጉሮሯቸው የደረቀ ዳኞች ጠጥተውታል፤ ሌላ መንከሪያ ውሃ በከተማው የለም።

ይሄኔ ተነሳሁ።

«አለቃ፣ ውሃ ላመጣልዎ ነው» አልኩ።

«ከየት፣ እማማ?»

«ከዚሁ። ጉድጓዱ ትንፋሽ አጥሮት ነው። ሥሩ ዝግተኛ ነው፣ ካላረፈ አይሞላም። አሁን ደግሞ ታሟል፤ በየስልሳው ሳይሆን በየአሥሩ ይረፍ።» የአትጠገብን ገመድ አወጣሁ፣ ባዶ የተባለውን ቋጠሮና የተቋጠረበትን ምክንያት ነገርኳቸው። ስለኔ የሚለውን አላነበብኩትም፤ እሱ የኔ ነው።

አለቃው ጣቶቹን አጋጠመ። «በሰባት ዓመትዎ የታሰሩት በየትኛው እጅ ነበር?»

«በጅራት።»

«ታዲያ ለጅራት እጅ ቢመሰክሩ ምን ይደንቃል?»

ሰዉ ሳቀ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ምራቅ አጥቶ ሳቀ። ወንድይፍራው እንኳ ሳቀ። ሲሳቅብኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ አትጠገብ አርባ ዓመት እንዴት እንደቻለችው እንጃ።

«የትኛው እጅ ይሻላል አላልኩም» አልኩት። «ይረፍ ነው ያልኩት። በፈለጋችሁት እጅ ቋጥሩት። ብረቱ እንደሆነ አያማርጥም።»

ወንድይፍራው ሳቁን አቆመ። ወደ ጉድጓዱ አየ፣ ወደ ትርንጎ አየ። «በእኛ እጅ ለዚህች ሁለት ጣት ገመድ ይበቃታል» አለ ቀስ ብሎ።

«በእኛ አራት ክንድ» አለች ትርንጎ። ከድንጋዩ ተነስታለች። «ማረፉን፣ ለምን ያህል እንደሚያርፍ፣ ሳያርፍ ቢነሳ ደግሞ እንዲመለስ። ገመድ ስጡኝ።»

«ማን ፈቀደልሽ?» አለ አንዱ ዳኛ።

«ጠፍሩ» አልኩ እኔ። «ካልተነከረ አይታሰር፣ ውሃ ካልወጣ አይነከር።»

አለቃው ያጋጠማቸውን ጣቶች አላቀቀ። ለቅጣቱ አፈጻጸም ሲባል ተፈቅዷል ብሎ አስጻፈ። ትርንጎም ሊታሰሩ በነበሩት አውራ ጣቶቿ አራት ክንዱን ቋጠረች። እንዲህ ፈጥና ስትቋጥር አይቻት አላውቅም። ታዛዡ ዋጠው። አሥር ባልዲ ጭቃ አወጣ፣ ተቀመጠ። ከተማው ሁሉ ተቀምጦ ብረት ሲያርፍ አየ። ጥላው አንድ ጋት ሄደ። ተነሳ፣ አሥር አወጣ፣ ተቀመጠ። ቅዳሜ ጭቃው ቀጠነ። እሑድ ጠዋት አሸዋው ቀረ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ንጹሕ ውሃ ወጣ፤ ሕፃናት እየተጋፉ ጠጡ። ሁለተኛው ባልዲ ሲወጣ አለቃው ጠፍሩን ነከረበት።

«አለቃ!» አለ ወንድይፍራው። «ውሃው መጣ እኮ!»

«መጣ» አለ አለቃው። «ገመዱ ግን በአርባ ቀን ውስጥ ተበላሽቷል። ሕጉ ውሃው ተመልሶ ከመጣ አይልም።»

ክፉ ሰው አይደለም። ሕጉን በሰባት ዓመቱ ነው የተማረው።

ትርንጎ ተመልሳ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። እጇን ዘረጋች። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ።

«ሕጉ ምን ይላል፣ አለቃ? ቃሉን ይንገሩኝ፣ ጽሑፍ ማንበብ አልችልም።»

«ያበላሸው አውራ ጣት ይታሰር።»

«የማን አይልም?»

«አይልም።»

«እንግዲያው ይሄው።» እጆቼን ዘረጋሁ። «ገመዱን ዘርግታ ይዳብሱልኝ ብላኝ ነበር። ምን እንደሆነ እያወቅሁ ባዶ ነው አልኳት። አርባ ዓመትም ባዶ ነው ብዬ ያስወራሁት እኔ ነኝ፤ ከእናንተ መሀል ያን ከእኔ ያልሰማ ካለ ይናገር።»

አንዳንዶቹ መሬት መሬት አዩ።

«እማማ፣ ምን ይላሉ!» አለች ትርንጎ። ያን ጊዜ አለቀሰች። «የቆረጥኩት እኔ ነኝ!»

«ዝም በይ አንቺ። ገና ብዙ ትቋጥሪያለሽ። እኔ በዚህ ጣቴ ሃምሳ ዓመት ሽንኩርት ከመላጥ ሌላ ምን ሠራሁበት?»

አሰሩኝ። በዳገት እጅ ነው፤ አውራ ጣት መሆኑ ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል። ሲደርቅ ያማል። ሲለምዱት ይደነዝዛል።

ከዚህ ወዲያ የሆነው ብዙ አይደለም። ከወር በኋላ አዋጅ ወጣ፤ የዕረፍት ቋጠሮ ጥንትም የዳገት እጅ ልማድ እንደነበር ተረጋግጧል ይላል። የሜዳ ሰፈር ሰዎች ደግሞ ከእነሱ የተሰረቀ ነው ብለው ይምላሉ። መንታዎቹ አልታረቁም። ወንድይፍራው ሽንኩርት ይልጥልኛል፤ በጣም አስቀያሚ አድርጎ ይልጣል።

ትርንጎ ታጎርሰኛለች። ስታጎርሰኝ የጅራትን እጅ በአፌ አስተምራታለሁ። መጀመሪያ «ምን ዓይነት የተገለበጠ ነገር ነው» ትል ነበር፤ አሁን አትልም። ባለፈው የጉድጓዱን ገመድ ስታድስ አጠገቧ ነበርኩ። ከዕረፍቱ ቋጠሮ ቀጥሎ ወደ ግራ የተጠመዘዘ ነገር ጨመረችበት። በዳገት እጅ የግራ ቋጠሮ ተሰምቶ አያውቅም። «ምን ይላል?» ብላት አልነግርም አለችኝ። ውሃ ልትቀዳ ዞር ስትል በትንሿ ጣቴ ዳበስኩት። «ይህን ከመቁረጥሽ በፊት አሮጊት ጠይቂ» ይላል። «ብትስቅብሽ እንደገና ጠይቂ።»

አሁን አሁን ወጣት ቋጣሪዎች ደጄ ይመጣሉ። ሁሉንም አይተዋል ይሉኛል፤ እስቲ ያለ አድልዎ ይንገሩን፣ የትኛው እጅ ይሻላል? እኔም የታሰሩ ጣቶቼን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ረጋ ብዬ አስባለሁ። የዳገቱም ጥሩ ነው፣ የሜዳውም ጥሩ ነው እላቸዋለሁ። እንደ ጅራት እጅ ግልጽ ግን የለም። ሁሉንም መዝኜ ነው የመረጥኩት። ስመዝን ሰባት ዓመቴ ነበር።